ጋሽ ቀስ በቀስ ለምን ሸተቱ?

የእንስሳት ሐኪሙ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ይህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የውሻና የድመት ነው። በዓል ሲቃረብ በግም ይገባበታል። በዚህ ወር ግን ሦስት የኤሊ ጥያቄ ተከታትሎ ደረሰኝ፤ ሦስቱም ስለ ቅርፊት ነው። ስለዚህ የውሻ ባለቤቶች እስከሚቀጥለው እትም ታገሡኝ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሳሪስ ነው። ጎረቤታችን ወደ ካናዳ ሲሄዱ ኤሊያቸውን ለልጆቼ ሰጥተዋቸው ሄዱ። እሳቸውም ብዙ አላቆዩትም፤ ከአርባ ምንጭ በኩል ዘመድ ነው ያመጣላቸው። ልጆቹ «ጋሽ ቀስ በቀስ» ብለው ስም አወጡለት። ትልቅነቱ የመካከለኛ ድስት ክዳን ያህል ነው። ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጠቃጠቆ አለው።

መጀመሪያ ደህና መስሎኝ ነበር። በቀደም ልጄ ገልብጣ ስታየው ግን ሆዱ ላይ ነጫጭ ነገር አለ። አንዱ ቦታ ሲጫኑት ለስለስ ይላል፤ ይሸታልም። ጀርባው ጉብታ ጉብታ ነው። ከኋላ ጠርዙ ተበስቶ ሽቦ ገብቶበታል፤ ድሮ ታስሮ የኖረ ይመስለኛል። ኋላ እግሮቹ ሥር መዥገር አይቻለሁ። ፎቶ ልኬያለሁ።

የሚያድረው ደረጃ ሥር፣ ሲሚንቶ ላይ ነው። ጎመን፣ እንጀራና ቲማቲም ይበላል፤ ቲማቲም ላይማ ሞቱ ነው። አማቴ «ቅቤ ቀቢው» አሉኝ። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ደግሞ ለመዥገሩ አይቨርሜክቲን ሸጠልኝ። ፈርቼ እስካሁን አልተወጋም። ምን ላድርግ? ጀርባውስ ይስተካከላል? ልጆቹ ደግሞ ዕድሜውን ካላወቅን ብለው አስቸግረውኛል።

መ.፣ ከሳሪስ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ፈሩ! መርፌውን ይመልሱት፤ ካልተቀበሏችሁም ለማንም ኤሊ እንዳይሰጥ አድርገው ያስወግዱት። አይቨርሜክቲን ለበግ፣ ለፍየልና ለከብት ግሩም መድኃኒት ነው። ለኤሊ ግን መርዝ ነው። ወደ አንጎሏ ዘልቆ ይገባና ጡንቻዋን ያሽመደምዳል፤ ሲብስ መተንፈስ ያቅታታል። ማርከሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ከተሞከረባቸው ዝርያዎች አንዷ የእርስዎ ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ ሌፐርድ የምትባለው ባለ ጠቃጠቆ ኤሊ ነበረች። ለበግ ከሚሰጠው መጠን ያነሰው እንኳ ጎድቷታል። የሸጠልዎትም ልጅ በክፋት አይመስለኝም። በመደርደሪያው ላይ መዥገር የሚለው ቃል የተጻፈበት መድኃኒት እሱ ነው። ቢሆንም ይንገሩት፤ ነገ ሌላ ሰው ይመጣበታል።

መዥገሩን በወረንጦ ነው የሚነቅሉት። ከቆዳው ጋር አስጠግተው ይያዙና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ነጭ ጋዝ አይቀቡት፤ በሲጋራም አያቃጥሉት። የነቀሉትን አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይጨምሩ እንጂ ግቢ ውስጥ አይጣሉ። ይህን የምለው ለኤሊዋ ብቻ አይደለም። ከቆላ ኤሊ ላይ የሚወጡ አንዳንድ መዥገሮች ኸርትዋተር የሚባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ መሸከም ይችላሉ። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ከውጭ በገቡ ኤሊዎች አካባቢ እንዲህ ያለ መዥገር ሲገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሦስት የአፍሪካ ኤሊ ዝርያዎች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ታገዱ። አንዷ የእርስዎዋ ነች። እናም ለበዓል የገዙት በግ ግቢ ውስጥ ካለ፣ መዥገሯ ሳይለቀም አብረው አይዋሉ።

አሁን ወደ ቅርፊቱ። ሰው የኤሊን ቅርፊት ተሸክማው እንደምትዞር ጎጆ ያየዋል። ቅርፊቱ የራሷ አጽም ነው። የጀርባ አጥንቷና የጎን አጥንቶቿ ከውስጥ ተጣብቀውበታል። ላዩን የሸፈነው ከእኛ ጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ኬራቲን ይባላል። ከሥሩ ደም አለ፣ ነርቭ አለ። ሲነኳት ታውቃለች፤ ሲበሷት ያማታል። ያቺን ሽቦ ያስገባ ሰው አጥንት ነው የበሳው። ገጠርም ከተማም ይህን ብዙ አያለሁ፤ ሳየው ደሜ ይፈላል። ኤሊ ሮጣ አታመልጥ! ግቢው የታችኛው ክፍል የተደፈነ አጥር ካለው ይበቃል።

ሽቦውን ቆርጠው ያውጡት። ጎትተው አያውጡት፤ በፒንሳ አንዱን ጫፍ ቆርጠው ቀስ አድርገው ያንሸራትቱት። ቀዳዳው ደረቅ ከሆነና ዙሪያው ጠንካራ ከሆነ ይታጠባል፣ ይተዋል። አይደፈንም። ሰዎች ኢፖክሲ ወይም ሱፐር ግሉ ይሞሉበታል፤ ቆሻሻውን ከውስጥ ዘግተው ሲያበቁ ላዩ አማረ ይላሉ። ከውስጥ ይበሰብሳል።

ሆዷ ላይ ያዩት ነጭ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም። በፎቶው ላይ ሦስት ዓይነት አይቻለሁ። በሰሌዳዎቹ መካከል፣ ማለትም ቅርፊቱን የሚሠሩት ቁርጥራጮች በሚገናኙበት መስመር ላይ ያለው ፈዛዛ ክር እድገት ነው፤ ደስ ይበልዎ። መሀል ላይ ያለው ልሙጥና ነጣ ያለ ሰፊ ቦታ ሲሚንቶ የፋቀው ነው። በግራ በኩል ወደ ኋላ እግር የተጠጋው ግን በሽታ ነው። ጠርዙ ተቆርሷል፣ መልኩ ቡናማ ነው፣ እርስዎም ይለሰልሳል፣ ይሸታል ብለዋል። ይህ የቅርፊት መበስበስ ነው። ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱም ተባብረው በተጫረ ቦታ ገብተው የሚሠሩት ነው።

አንድ ነገር ቤት ውስጥ መለየት ይችላሉ። በአውራ ጣትዎ ቅርፊቷን በተለያየ ቦታ ቀስ ብለው ጫን ጫን ያድርጉ። እዚህ መጠን የደረሰች ኤሊ ቅርፊቷ ንቅንቅ ማለት የለበትም። አንድ ቦታ ብቻ ለስልሶ ሌላው ድንጋይ ከሆነ ችግሩ መበስበስ ነው። ሁሉም ቦታ እሺ የሚል ከሆነ ግን አጥንቷ ካልሲየም አጥቷል፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች ብቻ ናቸው ትንሽ ቢለሰልሱ የማያስደነግጠው።

ቅቤውን ለአማትዎ ራስ ይተዉት። ከአክብሮት ጋር ነው። ቅቤም ሆነ ዘይት፣ ቫዝሊንም ጭምር፣ አቧራና እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ለፈንገሱ ደግሞ ድግስ ነው። ሰማያዊውን የቁስል ስፕሬይም አልወደውም። ቁስሉን ቀለም ይቀባውና እየዳነ ይሁን እየሰፋ ማየት ያቅትዎታል።

የሚያደርጉት ይህን ነው። ጠዋት፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ያቅርቡ። ጥልቀቱ ከአገጯ አይለፍ። ሩብ ሰዓት ያህል ትቀመጥበት። ትጠጣለች፤ ውሃው ውስጥ ነጭ እንደ ሊጥ ያለ ነገር ብትለቅ አይደንግጡ፣ ሽንቷ ነው። ከዚያ ሆዷን ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዘው በቀስታ ይጠቡ። የላላውን ቅርፊት ግን በቢላ ወይም በጥፍር አይፋቁ፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን ቤታዲን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ ያቅጥኑ፤ አንድ እጅ ቤታዲን ለአሥር እጅ ውሃ ያህል ነው። በጥጥ ቦታውን ያርሱና አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ በንጹህ ውሃ ያለቅልቁ፤ በደንብ ያድርቁ። ለእሳት ቃጠሎ የሚሰጠው ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የሚባል ነጭ ቅባት አለ፤ እሱን በስሱ ይቀቡ። በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ደረቅ አልኮል አይጠቀሙ፤ ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላሉ። ስትጨርሱ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ልጆቹም ጭምር። ኤሊዎች ሳልሞኔላ ይይዛሉ፤ ምንም ሳይታመሙ። ሳፋውም የኤሊዋ ብቻ ይሁን፤ ወጥ ቤት አይግባ።

ይህ ሁሉ ግን ደረጃ ሥር ሲሚንቶ ላይ ማደሯ ካልቀረ ከንቱ ድካም ነው። ኤሊዋ የታመመችው ከምትተኛበት ነው። የቆላ እንስሳ ነች። ቆላ ውስጥ ሌሊቱም ይሞቃል፣ መሬቱም ይደርቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እኛ ብርድ ልብስ ደርበን የምንተኛበት ብርድ እሷን ያደነዝዛታል። ኤሊ ሙቀቷን ከውጭ ነው የምታገኘው፤ ስትቀዘቅዝ ምግብ አይፈጭላትም፣ በሽታም አትከላከልም። እነዚህ የአፍሪካ ኤሊዎች እንደ አውሮፓዎቹ ክረምቱን ተኝተው አያሳልፉም። ዝም ብላ አንድ ጥግ ከተቀመጠች «ተኝታለች» አይበሉ፤ በርዷታል።

አሁን ደግሞ ሰኔ ገባ። ሐምሌና ነሐሴ ይከተላሉ፤ ለኤሊ የአዲስ አበባ መጥፎው ወቅት ይኸው ነው። እርጥበት ብቻውን አይገድላትም። ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ነው የሆዷ ቅርፊት የሚበሰብሰው። ስለዚህ እስክትድን ድረስ ቤት ውስጥ ታድር። ትልቅ የእንጨት ሣጥን ወይም ጠንካራ ካርቶን፣ ከሥሩ ጣውላ ወይም ወፍራም ካርቶን፣ ላዩ ላይ በየቀኑ የሚቀየር ጋዜጣ። ድርቆሹ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ይምጣ። ሰጋቱራ አይሁን፤ ዓይኗ ውስጥም ቁስሏ ላይም ይገባል። ለታመመች ኤሊ ሌሊትም ቢሆን ሣጥኑ 26 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። የድሮውን ቢጫ አምፖል ካገኙ በአንዱ ጥግ በላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉ፤ ካርቶኑን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ሌላው ጥግ ቀዝቀዝ ይበል፤ የፈለገችውን ትምረጥ። መብራት ሲጠፋ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ይሙሉና በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያስቀምጡ።

ፀሐይን በተመለከተ ግን እድለኛ ናት። ካልሲየም አጥንት ውስጥ የሚገባው በቫይታሚን ዲ ነው፤ ቫይታሚን ዲውን ደግሞ ቆዳዋ ከፀሐይ ጨረር ታዘጋጃለች። አውሮፓ ያለ ኤሊ አሳዳጊ ለዚህ ውድ መብራት ይገዛል። እናንተ ጠዋት ግቢ ማውጣት ብቻ ነው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ግን ሙቀት እንጂ ጨረሩን አይሰጣትም። ጥላም ይኑራት፤ ስትገለበጥ ፀሐይ ላይ ከቀረች በአጭር ጊዜ ትሞታለች። ውሻ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን አይተዉ። ፎቶው ላይ በቀኝ ጠርዝ ያየኋት ጭረት የውሻ ጥርስ ትመስላለች። ለውሻ ኤሊ አጥንት ነች።

ምግቡ። እንጀራው ይቅር። ጤፍ ካልሲየም አለው ብለው እንዳይሟገቱኝ፤ አለው፣ ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በጣም ይበልጣል፤ ፎስፈረስ ሲበዛ ካልሲየም ከአጥንት ይሸሻል። ዳቦም እንዲሁ። ሥጋና የውሻ ምግብ ጭራሽ አይታሰብም። ቆስጣ ውስጥ ካልሲየምን የሚያስር ነገር ስላለ አልፎ አልፎ ብቻ። ጎመን ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ጎመን ብቻ ግን አይደለም። ቲማቲም እንደ ከረሜላ ይቆጠር። ዋናው ምግቧ ሣር ነው። ሰርዶ፣ ማገጥ፣ የግቢ አረም፣ እሾሁ የተነቀለ የበለስ ቅጠል፣ መድኃኒት ያልተረጨ የጽጌረዳ አበባ፣ ድርቆሽ። አልፋልፋ ጥቂት ጥቂት። የወፍ ቆሎና ጉሎ ግቢ ውስጥ ካለ ይነቀል፤ መርዝ ናቸው።

ለካልሲየሙ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ በሙቀጫ ዱቄት ይሁን። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ቁንጥር አድርገው ሣሩ ላይ ይነስንሱ። የዶሮ መኖ ከሚሸጡ ሰዎችም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይገኛል፤ እሱም ይሆናል። ግድግዳ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ እንዳይሰጧችሁ ግን አደራ! እሱ አፏን ይልጣል።

ጀርባዋ አይስተካከልም። አንዴ የጎበጠ አጥንት ተመልሶ አይደላደልም፤ የሚቀጥለው እድገት ብቻ ነው የሚስተካከለው። ደግሞም በዚህች ዝርያ ትንሽ ጉብታ በዱር ያሉትም ላይ አለ፤ የእርስዎዋ ያን ያህል አላስደነገጠኝም።

ዕድሜዋ? ሰሌዳው ላይ ያሉትን ቀለበቶች የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። አይሠራም። ቀለበቱ የሚያሳየው በደንብ የበላችበትንና የተራበችበትን ወቅት ነው፤ በአንድ ዓመት ሁለትም ሦስትም ሊወጣ ይችላል። ለልጆቹ ሌላ ዜና ልስጣቸው። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ ጅራቷም አጭር። ወንዱ ሆዱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል፣ ጅራቱም ይረዝማል። ስለዚህ ጋሽ ቀስ በቀስ ሳይሆኑ እትዬ ቀስ በቀስ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሐኪም ዘንድ መሄዱ አይቀርም፤ ያ የላላው ቦታ በባለሙያ መጠረግ አለበት። ሽታው እስኪከፋ አይጠብቁ። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለሳሪስ ሩቅ አይደለም። ሌሎቹን ምልክቶች ግን በዚያው ቀን ይሂዱባቸው፦ ከሰሌዳው ሥር ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ከታየ፣ ፈሳሽ ከወጣ፣ አጥንት ከታየ፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ከመጣ፣ ወይም እግሯ ከዛለ። ፀረ ተሕዋሲ መርፌ ካስፈለገ ሐኪሙ በፊት እግሯ ይውጋ፤ ከኋላ የተወጋው መድኃኒት ገና ሰውነቷን ሳይዞር በኩላሊቷ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ቅርፊት ሲድን በሳምንት አይደለም። ወራት ይወስዳል፤ አጥንቱ ከተነካ ከዓመት ሊያልፍ ይችላል። በየወሩ በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው ቢጽፉት፣ ከማንም ቀድሞ ሚዛኑ ነው የሚነግርዎት። ሚዛኑ ላይ ላስቲክ ማንጠፍዎን አይርሱ።

አንድ የማትወደድ ነገር ልጨምር። ይህች ኤሊ የዱር እንስሳ ነች። ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አትሻገርም። ጎረቤትዎ ይዘዋት ቢሄዱ ኖሮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይቸገሩ ነበር። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ደውለው ማሳወቅና መመሪያቸውን መቀበል ይሻላል። ስታገግም እንጦጦ ወስጄ ልልቀቃት እንዳይሉ። እንጦጦ ብርዱ ይገድላታል፤ ሌላም ቦታ ቢሆን የታመመች ኤሊ በተለቀቀችበት ያሉትን ኤሊዎች ታሳምማለች።

ጥያቄ

ጋሼ፣ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሲቀይር ሰልካታ ኤሊ ሰጠኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ጀርባዋ ላይ እያንዳንዱ ሰሌዳ ሾጥ ሾጥ ብሎ ቆሟል። የበረሃ እንስሳ ስለሆነች ደረቅ አሸዋ ላይ ነው ያስቀመጥኳት፤ ውሃም አላበዛባትም። መስኮት ሥር ፀሐይ ታገኛለች። አንዱ ፕሮቲን በዝቶባት ነው ይለኛል፣ ሌላው ኮኮናት ዘይት ቀባት ይለኛል። ማንን ልስማ?

የ.፣ ከላስ ቬጋስ

መልስ

ሁለቱንም አትስማ። ዘይቱን ከላይ ብዬዋለሁ። ፕሮቲኑም ዋናው ጥፋተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የቪየና ተመራማሪዎች የሰልካታ ጫጩቶችን በተለያየ እርጥበትና በተለያየ ፕሮቲን አሳድገው አይተዋል። ጀርባቸውን ያሾለው በዋናነት ደረቅ አየር ነው፤ የፕሮቲኑ ድርሻ ትንሽ ነበር።

«የበረሃ እንስሳ» የሚለው ነው ያሳሳተህ። ሰልካታ ከሴኔጋል እስከ እኛ አገር ድረስ ባለው የሳህል ምድር የምትኖር ነች። ላዩ ደረቅ ነው፤ እውነት ነው። ግን ቀኑን የምታሳልፈው በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ አፈሩ እርጥብ ነው። የላስ ቬጋስ አየር ላይ ኤርኮንዲሽን ጨምረህ ከሥሯ ደረቅ አሸዋ ስትዘረጋላት ሳህል ራሱ አላደረገባትም።

አሸዋውን አውጣ። አፈርና የኮኮናት ቃጫ ቀላቅለህ ከሥር እርጥብ፣ ከላይ ደረቅ የሚል አድርግ። የምትደበቅበት ሣጥን ውስጥ እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጣት። ሳሪስ ላሉት እናት ያልኩት የተገላቢጦሽ መሰለህ? አይደለም። የሳሪሷ ቁስል አለባት፣ ደግሞም በርዷታል። ያንተዋ ሙቀት ሞልቷት ውሃ ነው ያጣችው። እርጥበት ስትጨምር ሙቀቱን እንዳትቀንስ ብቻ።

መስኮቱን እርሳው፤ ጨረሩ መስታወት አያልፍም። ግቢ ካለህ ከግንቦት እስከ መስከረም በማለዳ አውጣት፤ ቀትር ላይ እዚያ አገር እንኳን ኤሊ ሰውም አይችለውም። ለክረምቱ ያን የፀሐይ ጨረር የሚሰጠውን ረጅሙን የዩቪቢ ቱቦ መብራት ግዛ፤ ጠምዛዛውን ትንሽ አምፖል አይደለም። ብርሃኑ ባይጠፋም ጨረሩ ስለሚደክም በዓመት አንዴ ይቀየራል። የሾለው ጀርባ አይመለስም፤ አዲሱ እድገት ግን ቀጥ ብሎ ሲወጣ በዓይንህ ታየዋለህ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ቤትህ የራስህ ነው ወይስ ኪራይ? ሰልካታ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥላ የዓለም ሦስተኛዋ ትልቅ የምድር ኤሊ ነች። ከ45 ኪሎ በላይ ትሆናለች፣ አጥር ትገፋለች፣ የአከራይህን መሠረት ሥር ትቆፍራለች፤ ከአንተ በላይ ልትኖርም ትችላለች። በእናንተ አካባቢ የእንስሳት ማደጎ ቤቶች በእነዚህ ኤሊዎች የተጨናነቁት ሰው ይህን ሳያስብ ጫጩት ስለሚገዛ ነው። ካልቻልክ በጊዜ ለሚችል ስጥ። በረሃ ወስደህ እንዳትለቃት። እዚያ የአገሩ የሞሃቪ ኤሊ አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የምትጠበቅ ነች። ያንተዋ የመተንፈሻ አካል በሽታ ልታስተላልፍባት ትችላለች። በዚሁ ምክንያት ሁለቱን ዝርያ አንድ ግቢ ውስጥም አታቀላቅል።

ጥያቄ

ዶክተር፣ የወንድሜ ልጆች የኤሊያችንን ጀርባ በዘይት ቀለም የቡድናቸውን ቀለም ቀቡት። በቲነር ላጽዳው?

ከሐዋሳ

መልስ

በቲነር አይሆንም፤ በቤንዚንም አይሆንም። ሁለቱም በቅርፊቱ ስንጥቅና በቆዳዋ በኩል ይገባሉ፤ ትነታቸውም ሳንባዋን ይጎዳል። ገና እርጥብ ከሆነ በጨርቅ ይጥረጉት፣ ከዚያ በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና። ከደረቀ በየቀኑ ውሃ ውስጥ ካስቀመጧት በኋላ በአሮጌ የስልክ ካርድ ጠርዝ ቀስ እያሉ ይላጡት። በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ። በሰሌዳዎቹ መካከል ያለውን መስመር ያስቀድሙ፤ እድገቱ የሚወጣው በዚያ ነው። የቀረው ቀለም ካልጎዳት ይቆይ። ቡድኑ የትኛው እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።